ፒክአፑ አልተቃጠለም

ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። ወንድማችን ስትራቶካስተር (ባጭሩ ስትራት) ቅርፅ ያለው ጊታር አለው፤ ሦስት ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅልል) ፒክአፕ፣ ማለትም የክሩን ድምፅ የሚቀበለው ዕቃ፣ ባለ አምስት ቦታ ስዊች። የብሪጁንና የአንገቱን ፒክአፕ ከውጭ አስመጣ (ብሪጅ ክሮቹ በታች በኩል የሚያርፉበት ብረት ነው)፣ የመሀሉን ደግሞ ከሌላ አሮጌ ጊታር ነቅሎ ሦስቱን አንድ ላይ አስገጠማቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስዊቹ 2ኛውና 4ኛው ቦታ ላይ ሲሆን ድምፁ ይሳሳል፣ ቤዝ የሚባል ነገር የለውም፣ በራሱ አባባል "ጣሳ ውስጥ ገብቶ የሚዘፍን ይመስላል"። እዚያው ቦታ ላይ ሃሚንጉ (ከመብራት የሚመጣው ጉምጉምታ) ይቀንሳል። ክሩን ሲነካ ደግሞ ሃሚንጉ ይብሳል። ቮልዩሙን ትንሽ ሲቀንስ ድምፁ ይደበዝዛል። አንዳንዴ ሰርግ ላይ እየተጫወተ ሲዘፍን ከንፈሩ ማይኩን ሲነካ ይነዝረዋል። ጊታሩን ወስዶ ያሳየው ሰው "የመሀሉ ፒክአፕ ተቃጥሏል፣ ሦስቱንም በአዲስ ቀይር" ብሎታል። "ልቀይር ወይ?" ነው ጥያቄው።

አትቀይር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው የሚሆንብህ።

ፒክአፕ መቃጠል የሚባለው ነገር ራሱ ግራ ያጋባኛል። ፒክአፕ ውስጥ ኤሌክትሪክ አይገባም እኮ። ማግኔት ነው፣ ዙሪያውን ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ሰባት ስምንት ሺህ ዙር ተጠምጥሞበታል፣ ከላዩ የብረት ክር ሲርገበገብ ትንሽ ቮልት ይፈጥራል፣ በቃ። ምኑ ይቃጠላል? ሊበጠስ ይችላል። ዝገት ይበላዋል፣ ሲነቀል ጥፍር ይነካዋል፣ ካቻቢቴ ይስተውና ይበጥሰዋል። ያኔ ግን ድምፁ ጭራሽ ይጠፋል ወይም ቅጥነቱ ሌላ ዓይነት ይሆናል። ያንተ የመሀል ፒክአፕ 3ኛው ቦታ ላይ ብቻውን ሲሆን "ደህና ነው" ብለሃል። ደህና ከሆነ ደህና ነው።

ያለብህ አራት የተለያየ ጉዳይ ነው፤ አንድ ቀን ላይ ስለታዩህ አንድ በሽታ መሰሉህ። አንዱ ከጊታሩ ውጭ ነው፣ አንዱ ጭራሽ ብልሽት አይደለም።

ከንዝረቱ ልጀምር፣ እሱን ሳልጨርስ ስለ ድምፅ ማውራት አልፈልግም። የጊታር ክሮች በብሪጁ በኩል ከግራውንድ ሽቦ ጋር የተያያዙ ናቸው። ያ ሽቦ በጃኩ (ኬብሉ ጊታሩ ላይ በሚሰካበት ቀዳዳ) ወጥቶ በኬብሉ አድርጎ አምፕሊፋየሩ አካል ድረስ ይሄዳል። ስለዚህ ክሩን ስትይዝ የአምፑን ብረት ይዘሃል ማለት ነው። አምፑ የተሰካበት ሶኬት አርዝ ከሌለው፣ ወይም ሚክሰሩ ከሌላ ጥግ በሌላ ዲቫይደር ከመጣ፣ በጊታርህና በማይኩ መሀል የቮልት ልዩነት ይኖራል። አንደኛው ጫፍ ጣትህ ላይ ነው፣ ሌላው ከንፈርህ ላይ፣ መሀሉ ላይ ልብህ አለ። ስኮትላንዳዊው ጊታሪስት ሌስ ሃርቪ እንደ ፈረንጆቹ በ1972 ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ የሞተው አርዝ የሌለው ማይክ ነክቶ ነው። እኛ ጋ 220 ቮልት ነው ያለው፣ ድንኳን ውስጥ ደግሞ ሣሩ እርጥብ ነው፣ ገመዱም ከየት ተስቦ እንደመጣ ማንም አያውቅም።

ስለዚህ አምፑም ሚክሰሩም አርዝ ካለው ከአንድ ሶኬት ይምጡ። ሶኬቱ ጎንና ጎን የአርዝ ብረት ስላለው ብቻ አርዝ አለው ማለት አይደለም። ብዙ ቤት ብረቱ አለ፣ ከኋላው ሽቦ የለም። ኤሌክትሪሺያን ይለካው። ሃሚንግ ለማጥፋት ብሎ የስፒናውን የአርዝ ብረት በናስትሮ የሚሸፍን ወይም አርዝ የሌለው ባለሁለት እግር አዳፕተር የሚያስገባ ሰው ካየህ ኬብልህን ይዘህ ውጣ። እውነቴን ነው። ሃሚንጉ ይጠፋል አዎ፣ አንተም አብረህ ልትጠፋ ትችላለህ። ይህ እስኪስተካከል ጊታር ይዘህ አትዝፈን።

አሁን ወደ ጊታሩ። ካቻቢቴ አታንሳ ገና። አንድ መልቲሜትር ፈልግ፣ ርካሹም ይሆናል። የጊታር ኬብልህን ጊታሩ ላይ ሰካ፣ ሌላኛውን ጫፍ ከአምፑ ንቀለውና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው። ቮልዩሙን 10 ላይ አድርግ፣ ቶኑ የትም ይሁን። መልቲሜትሩን ኦም ላይ፣ 20 ኪሎ የሚለው ላይ አድርገህ አንዱን ዘንግ የኬብሉ መሰኪያ ጫፍ ላይ፣ ሌላውን የመሰኪያው ወፍራሙ ብረት ላይ ያዝ። ጊታሩን ሳትከፍት ውስጡን እያየኸው ነው።

ስዊቹን 1፣ 3 እና 5 ላይ እያደረግክ አንብብ። የተለመደ የስትራት ፒክአፕ ከ5.5 እስከ 6.5 ኪሎ ኦም አካባቢ ያሳይሃል፤ ጠንከር ተደርጎ የተጠመጠመ ከሆነ ከፍ ይላል። ፒክአፑ 6.0 ከሆነ የምታነበው 5.86 ገደማ ነው፣ ምክንያቱም 250 ኪሎ ኦሙ የቮልዩም ፖት (ቮልዩሙን ስታዞር የሚዞረው ሬዚስተር) ጎን ለጎን ስላለ ትንሽ ያወርደዋል። እዚህ ጋ 250 አካባቢ የሚል ነገር ከመጣ (20 ኪሎው ላይ "1" ወይም ባዶ ያሳይሃል፣ ወደ 2 ሜጋ ቀይረህ እየው) ፒክአፑ ተበጥሷል ወይም ሽቦው ስዊቹ ላይ አልደረሰም፣ ፖቱን ብቻ ነው የለካኸው። ዜሮ ከመጣ የሆነ ቦታ ሲግናሉ ግራውንድ ነክቷል። አንተ ጋ ሦስቱም ድምፅ ስላላቸው ሦስቱም ደህና ቁጥር ያሳያሉ ብዬ እገምታለሁ።

ከዚያ 2ኛና 4ኛ ላይ አድርግ። 3 ኪሎ አካባቢ መምጣት አለበት፤ ሁለት ፒክአፕ ጎን ለጎን ስለሆኑ ግማሽ ይሆናል። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ቁጥሩ ትክክል ይመጣል፣ ድምፁ ግን ጣሳ ነው። ሜትሩ ሁለቱ መገናኘታቸውን ብቻ ነው የሚነግርህ። ተስማምተው ይሁን ተኳርፈው አይነግርህም።

ያንተዎቹ ተኳርፈዋል። ፌዝ የሚሉት ነገር ነው። ክሩ ወደ ላይ ሲሄድ አንዱ ፒክአፕ ፕላስ ሲልክ ሌላው ማይነስ ይልካል፣ ሁለቱ ሲደመሩ የጋራቸው የሆነው ይጠፋል። በተለይ ቤዙ ነው የጋራቸው። ቀጭኑ፣ ሁለቱ ፒክአፖች በየቦታቸው ለየት አድርገው የሰሙት ብቻ ይተርፋል። ጣሳህ እሱ ነው። የትኛው ነው የተገለበጠው? 2ኛው ቦታ ብሪጅና መሀል ነው፣ 4ኛው መሀልና አንገት ነው። ሁለቱም ጋ ያለው መሀሉ ነው። ከሌላ ጊታር የመጣውም እሱ ነው። ፍርድ ቤት መሄድ አያስፈልግም።

ግን ዝም ብለህ አትመነኝ፣ አረጋግጥ። ኬብሉ እንደተሰካ፣ ሜትሩ ኦም ላይ እንዳለ፣ ስዊቹን 1 ላይ አድርግና ወፈር ያለ የካቻቢቴ ብረት የብሪጁ ፒክአፕ ላይ አስተኛው፤ ማግኔቱ ይይዘዋል። ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቅ። ከዚያ ካቻቢቴውን በአንዴ ወደ ላይ ንቀለው። ቁጥሩ ለአፍታ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይዘላል፣ ተመልሶ ይረጋል። የመጀመሪያውን ዝላይ ነው የምታየው። መርፌ ያለው የድሮ ሜትር ካገኘህ በጣም ጥሩ፣ መርፌው ወገቡን ሲያወዛውዝ በግልፅ ታየዋለህ፤ ዲጂታሉ ስለሚዘገይ አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግመው። የሜትሩን ዘንጎች ቦታ ሳትቀያይር 3ኛና 5ኛ ላይም አድርግ። ሦስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ መዝለል አለባቸው። ብሪጁና አንገቱ ወደ ላይ፣ መሀሉ ወደ ታች ከሆነ ጉዳዩ አለቀ።

አንድ ነገር በቅንፍ። የተኳረፈ ድምፅ ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም። የፍሊትዉድ ማክ ጊታሪስት የነበረው ፒተር ግሪን የሚታወቅበት ያ አፍንጫ አፍንጫ የሚል የሌስ ፖል ጊታር ድምፅ የመጣው ከዚሁ ነው፤ የአንገቱ ፒክአፕ ማግኔት ተገልብጦ ነበር፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲከፈቱ ይኳረፋሉ። ዛሬ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ያንን ያስገለብጣል። ስትራት ላይ ግን 2ኛና 4ኛ ቦታ የጊታሩ ማር ነው፣ እዚያ ጣሳ አልፈልግም። ሲጀመር ስትራት በ1954 ሲወጣ ስዊቹ ባለ ሦስት ነበር። ተጫዋቾች በሁለቱ መሀል እያጣበቁ ያቆሙት ነበር ያንን ድምፅ ለማግኘት፣ የስትራት ፋብሪካው ፌንደር ባለ አምስቱን ያስገባው በ1977 ነው።

አሁን ብዙዎች የሚዘሉት ጋ ደረስን። "2 እና 4 ላይ ሃሚንጉ ይቀንሳል" ብለሃል፣ ያሳየኸው ሰውም ይህንን የፒክአፑ መድከም ምልክት አድርጎ ነግሮሃል። ከጻፍከው ሁሉ ትልቁ መረጃ ይቺ ናት። ፒክአፕ ሁለት ነገር ነው የሚሰማው። ክሩን የሚሰማው በማግኔቱና በጥቅልሉ አማካይነት ነው። ሃሚንጉን ግን በጥቅልሉ ብቻ ነው የሚሰማው፣ ከግድግዳው ሽቦና ከትራንስፎርመሩ በአየር ይመጣል፣ ማግኔቱ ወዴት እንደዞረ ደንታ የለውም። ስለዚህ ሁለት ጥቅልሎች ተቃራኒ ሆነው ከተገናኙ ሃሚንጉ ይጠፋፋል። ማግኔቶቹም አብረው ተቃራኒ ከሆኑ የክሩ ድምፅ ሁለት ጊዜ ስለተገለበጠ ተመልሶ ይስማማል። ሃሚንግ የለም፣ ድምፅ ሙሉ። የጊታር ፋብሪካው የጊብሰን መሐንዲስ ሴት ላቨር በ1955 ፓተንት ያመለከተበት ሃምባከር (ባለ ሁለት ጥቅልል ፒክአፕ) በዚህ ሐሳብ ነው የሚሠራው። በዘመኑ ስትራቶች ላይ የመሀሉን ፒክአፕ ሆን ብለው ጥቅልሉንም ማግኔቱንም ተቃራኒ የሚያደርጉትም ለዚሁ ነው።

ያንተ ጋ ሃሚንጉ ጠፍቷል፣ ድምፁም ጠፍቷል። ማለትም ጥቅልሉ ተቃራኒ ነው፣ ማግኔቱ ግን ከሌሎቹ ጋር አንድ ነው። ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ይህን ማወቅህ ምን ይጠቅምሃል? የመሀሉን ሁለት ሽቦ ብታቀያይር፣ ማለትም ወደ ስዊቹ የሚሄደውን ወደ ግራውንድ፣ የግራውንዱን ወደ ስዊቹ ብታደርግ፣ ድምፁ ሙሉ ሆኖ ይመለሳል። ሃሚንጉም አብሮ ይመለሳል። ያኔ እኔን እንዳትሰድበኝ። ሁለቱንም ከፈለግክ የሚገለበጠው ሽቦው ሳይሆን ማግኔቱ ነው።

ይቻላል ወይ? ፒክአፑን አውጣና ሆዱን እየው። ከታች እንደ ማስቲካ ጠፍጣፋ የሆነ ጥቁር ግራጫ ድንጋይ ተለጥፎበት ካገኘህ ሴራሚክ ማግኔት ነው፤ ከላይ የምታያቸው ስድስት ክቦች ተራ ብረት ናቸው። እሱን በፀጉር ማድረቂያ ቀስ ብለህ ሙጫውን አሙቀህ፣ በስስ ፕላስቲክ ነገር ፈልቅቀህ፣ ላይኛውን ፊት ወደ ታች ገልብጠህ ትመልሰዋለህ። ሁለት ድንጋይ ካለው ሁለቱንም። ከመለጠፍህ በፊት ትንሽ ኮምፓስ ከላይ አስጠጋ፤ የብሪጁ ፒክአፕ የሚስበውን ጫፍ የመሀሉ መግፋት አለበት። ምላጭ አትጠቀም እለምንሃለሁ፣ ጥቅልሉ ከእጅህ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ነው፣ እዚያ ጋ አንዴ ከተበጠሰ ያ ሰውዬ "ተቃጥሏል" ያለው እውነት ይሆናል።

ከታች ስድስት ዘንጎች በፋይበሩ ብቅ ብለው የሚታዩ ከሆነ አልኒኮ ነው፣ ዘንጎቹ ራሳቸው ማግኔት ናቸው፣ ጥቅልሉ ብዙ ጊዜ በቀጥታ እነሱ ላይ ነው የተጠመጠመው። ዘንጉን ገፍቶ ማውጣት አይሞከርም። ጠንካራ የኒዮዲሚየም ማግኔት ያለው ሰው መልሶ ሊያማግኔተው ይችላል፣ ካላገኘህ ሽቦውን አቀያይርና ሃሚንጉን ቻለው። እንደ እኔ ከሆነ ሙሉ ድምፅ ከነሃሚንጉ ይሻለኛል።

ሽቦ ማቀያየር ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፣ በራሴ የደረሰ ነው። ከዓመታት በፊት የቴሌካስተር የአንገት ፒክአፕ ላይ ይህንኑ አደረግኩ። ድምፁ ተስተካከለ፣ ግን እጄ የፒክአፑን የብረት ክዳን በነካ ቁጥር ይጮሃል። ሁለት ቀን ጃክ ስፈታ ስበይድ፣ አምፕ ስቀያይር ከረምኩ። ለካ ክዳኑ ከውስጥ በአንዲት ትንሽ ሽቦ ከጥቁሩ ጋር የተያያዘ ነው፤ ጥቁሩን ሲግናል ሳደርገው ክዳኑም ሲግናል ሆነ፣ በእጄ የምነካው አንቴና ሠራሁ ማለት ነው። ያቺን ሽቦ ቆርጦ ክዳኑን ለብቻው ግራውንድ መስጠት ነበር። ያንተ ክዳን ፕላስቲክ ስለሆነ አይመለከትህም፣ ቴሌ ያላችሁ ግን አስታውሱ። ሃምባከር የምትገጥሙም በቀለም አትመኑ። ከፒክአፕ ሠሪዎቹ ሲሞር ደንከን ላይ ጥቁሩ ሲግናል ነው፣ ዲማርዚዮ ላይ ሲግናሉ ቀይ ነው፣ ጥቁሩ ከነጩ ጋር ተበይዶ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነው። የአንዱን ስዕል ይዞ የሌላውን የሚገጥም ሰው በየወሩ አያለሁ።

ወደ ሌላው እንሂድ። ክሩን ስትነካ ሃሚንጉ ይብሳል። ጤነኛ ጊታር ተቃራኒው ነው፤ ስትነካው ይቀንሳል። አንተ ጋ ሁለት ተጠርጣሪ አለ። ወይ ጃኩ ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ተገላብጠዋል፣ ወይ ብሪጁን ግራውንድ የሚያደርገው ሽቦ ተነቅሏል። አሁንም ሳትከፍት ትለያቸዋለህ። ያው ኬብል፣ ያው ሜትር። አንዱን ዘንግ የብሪጁ ብረት ላይ ያዝ (ክሩ ላይ አይሁን፣ አንዳንድ ክር ሽፋን አለው)፣ ሌላውን የኬብሉ ወፍራም ብረት ላይ። ከ1 ኦም በታች ከሆነ ግራውንዱ ደህና ነው። 6 ኪሎ አካባቢ ካሳየህና የኬብሉ ጫፍ ላይ ስትሞክረው ደግሞ ዜሮ ከሆነ ጃኩ ተገልብጧል፤ ሁለቱን ሽቦ አቀያይር፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሁለቱም ጋ ምንም ካላነበበ ሽቦው ተነቅሏል።

እሱ ሽቦ የት ነው? ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ጊታሩን ገልብጥና የጀርባውን ፕላስቲክ ፍታ፣ ስፕሪንጎቹ የተሰቀሉበት እንደ ጥፍር የሆነ ብረት ታገኛለህ። ሽቦው እሱ ላይ ነው የሚበየደው። ባለፈው አንድ ልጅ ይዞልኝ የመጣው ላይ ሽቦው አለ፣ ቁጭ ብሏል፣ በፈጣን ማጣበቂያ ተለጥፎ። ጠብታው ራሱ ያብለጨልጭ ነበር። የለጠፈው ሰው ምን እንዳሰበ አላውቅም፣ ግን ማጣበቂያ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ያ ብረት ወፍራም ስለሆነ ሙቀት ይጠጣል፣ በ25 ዋት መበየጃ አይያዝልህም። ብሎኑን ፈትተህ ካነሳኸው፣ በብርጭቆ ወረቀት ጥሩ አድርገህ ከፋቅከውና ባለ 40 ወይም 60 ዋት ካገኘህ አንዴ ነክቶ ይይዛል። የፖት ጀርባም እንደዚያው ነው፣ ሳትፍቅ አትበይድ። ስድስት ሰባት ሰከንድ ይዘህ ካልፈሰሰ አቁም፣ ይቀዝቅዝ፣ እንደገና ሞክር፤ ካላቆምክ ፖቱን ከውስጥ ታበስለዋለህ። ሶልደሩ ሲቀዘቅዝ የሚያብለጨልጭ ተዳፋት መሆን አለበት። ግራጫ ሆኖ እንደ ኳስ ከተድበለበለ አልያዘም፣ ዛሬ ይሠራል፣ ቅዳሜ ሰርጉ ላይ ይተውሃል። የቧንቧ ሠሪዎች አሲድ የሚባለውን እንዳታስጠጋው። ከመፍታትህ በፊት ደግሞ በስልክህ ፎቶ አንሳ፣ በሦስት አቅጣጫ።

ይህንን ሁሉ ጨርሰህም ሲንግል ኮይል ትንሽ ሃም ይላል። 50 ኸርዝ ነው የኛ መብራት፣ ለጂ ኖት በጣም ቅርብ ነው፤ አሜሪካ ያሉት በ60 ስለሚሄዱ የነሱ ሃሚንግ ቢ ፍላትና ቢ መሀል ነው የሚውለው። ጊታሩን ይዘህ ባለህበት ቀስ ብለህ ዙር፣ የሆነ ቦታ ላይ ይጠፋል ማለት ይቻላል። እዚያ ዞረህ ተጫወት። "ዝዝዝ" የሚለው ቀጭኑ ግን ሌላ ነው፣ የስልክ ቻርጀር፣ ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል፣ ላፕቶፕ። አንድ በአንድ ንቀልና አዳምጥ።

የመጨረሻው፣ ቮልዩም ሲቀነስ መደብዘዙ። ይህ ብልሽት አይደለም፣ ሁሉም ጋ አለ፣ አንተ አሁን ጆሮህን ስለጣልክበት ሰማኸው። ቮልዩሙን ስትቀንስ ፖቱና የኬብሉ ካፓሲታንስ (ኬብሉ ራሱ ትንሽ ኤሌክትሪክ የማጠራቀም ባሕርይ አለው) ተባብረው ቀጭኑን ድምፅ ይበሉታል። የጊታር ኬብል በሜትር 100 ፒኮፋራድ አካባቢ አለው፣ አንተ ባለ 10 ሜትር ነው የምጠቀመው ብለሃል፣ ያ ወደ 1000 ነው። ቤት ውስጥ በባለ 3 ሜትር ሞክረው፣ ልዩነቱን ትሰማለህ። ካልበቃህ የቮልዩም ፖቱ መግቢያና መውጫ እግሮች መሀል 0.001 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርና 150 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጎን ለጎን አድርገህ በይድ። የሳንቲም ዕቃ ነው፣ ክራር ክራር የሚል ጥርት ያለ ድምፅ ለሚፈልግ ሰው ብዙ ለውጥ አለው።

እግረ መንገድህን ግን ፖቱ ጀርባ ላይ የተጻፈውን አንብብ። ሲንግል ኮይል 250 ኪሎ ነው የሚፈልገው። 25 ኪሎ የሚልም አለ፣ ባትሪ ለሚጠቀሙ አክቲቭ ፒክአፖች የሚሠራ፣ አንዲት ዜሮ ብቻ ናት የምትለያቸው፣ ሻጩም አያይም ገዢውም አያይም። እሱ ከገባ ቮልዩም 10 ላይም ሳይቀር ብርድ ልብስ ተደርቦበት ነው የሚጫወተው። ደግነቱ ቅድም በኬብሉ ስትለካ ይታወቅሃል፤ 6.0 የሆነው ፒክአፕ 5.86 በማሳየት ፈንታ 4.8 ይልሃል። ከቁጥሩ አጠገብ "ኤ" ካለ እየጨመረ በጆሮ እኩል የሚሰማው ዓይነት ነው፣ "ቢ" ካለ ደግሞ ከ10 ስትቀንሰው ቮልዩሙ እስከ 3 ድረስ ብዙም ሳይለወጥ ቆይቶ ከዚያ በአንዴ ዘጭ ይላል። ለቮልዩም እኔ ኤውን እመርጣለሁ።

ፒክአፑን መልሰህ ስትገጥም ከፍታውን አትርሳ። የመጨረሻውን ፍሬት ተጭነህ ከክሩ እስከ ማግኔቱ በወፍራሙ ክር በኩል 2.5 ሚሊ ሜትር፣ በቀጭኑ በኩል 2 አካባቢ። ካስጠጋኸው ማግኔቱ ክሩን ይስበዋል፣ ወፍራሙ ክር ላይ ከ12ኛው ፍሬት በላይ ስትጫወት ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ሁለት ኖት ይመስላል፣ ትዩን አልይዝ አለኝ ብለህ ሌላ ጥያቄ ትጽፋለህ።

አሁን ጊታሩን ሳትፈታ አምስቱንም ቦታ ለክተህ ቁጥሩን ጻፍልኝ፤ ካቻቢቴው ሲነቀል ሦስቱ ወዴት እንደዘለሉ፣ የብሪጁ ብረት ከኬብሉ ወፍራም ብረት ጋር ስንት ኦም እንዳነበበም ጨምር። ፒክአፑን ካወጣኸው ደግሞ የሆዱን ፎቶ ላክ፣ ሴራሚክ ይሁን አልኒኮ እሱን አይቼ ሽቦውን ወይስ ማግኔቱን እንደምትገለብጥ እነግርሃለሁ።